ካርዱ አይሙት

የሰው ልጅ አንድን ነገር «ይህስ ለዘላለም ይቀመጥ» ብሎ ያስቀመጠ ዕለት፣ የት እንዳስቀመጠው ይረሳል። ለነገ የምትፈልጉትን ጠረጴዛ ላይ ወርውሩት፤ ታገኙታላችሁ። ለልጅ ልጅ ይቆይ ያላችሁትን ግን ደህና ቦታ አስቀምጡትና እስቲ በዓመቱ ፈልጉት። እናቴ አንድ ክረምት የጆሮ ጉትቻዋን ከሌባ ለማዳን ምስር ውስጥ ቀበረችው። ሌባው አልመጣም። ምስሩን በልተን ልንጨርስ ስንል ጉትቻውን ያገኘው የአባቴ መንጋጋ ነው። አባቴ ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቱ በግራ በኩል አላኘከም።

ቤተ መጻሕፍትም፣ የሙያ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝና፣ የእናቴ ጠባይ አለው። ይህን የምለው እንዲያው በስማ በለው አይደለም፤ ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ ውስጥ ባለች አንዲት አነስተኛ የጥናት ማዕከል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ ብዙ ጉትቻ ከብዙ ምስር ውስጥ ስፈልግ ስለኖርኩ ነው። ሥራውን የመረጥኩት ደግሞ ለእውቀት ባለኝ ፍቅር ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም። ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል። ደመወዝ እየተከፈለ ዝም የሚባልበት ቤት ከዚህ ሌላ ካለ ንገሩኝ። ግድግዳው ላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን ጽሑፍ በሦስት ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የአረብኛውን ትንሽ አጥብቄዋለሁ።

አሁን ወደ ማይክሮፊልም ልግባ። ስሙ አያስደንግጣችሁ። ጋዜጣና መዝገብ እያደር ይበዛል፤ መደርደሪያ ግን አይወልድም። ስለዚህ ባሕር ማዶ ያሉ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት አንድ መላ መቱ። ወረቀቱን ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሡ በቀጭን ፊልም ላይ አሳንሰው ጠቀለሉት። አንድ ክፍል ሙሉ ጋዜጣ ጫማ ሳጥን ውስጥ ገባ። ጥበቡ የቆየ ነው። ኻርቱም ስማር መምህራችን እንደነገሩን ከሆነ፣ ፓሪስ በጠላት በተከበበችበት ዘመን ደብዳቤ እንዲሁ በፊልም ላይ እየተነሣ በርግብ ጅራት ታስሮ ይገባ ነበር። ከኖኅ ወዲህ ርግብ እንዲህ ያለ ከባድ አደራ ተሰጥቷት አታውቅም።

በኋላ ሊቃውንቱ «ይህ ፊልም በትክክል ከተያዘ ብዙ መቶ ዓመት ይቆያል» አሉ። ሰሚዎቹ «ብዙ መቶ ዓመት» የምትለዋን ይዘው ሄዱ፤ «በትክክል ከተያዘ» የምትለዋ እዚያው በር ላይ ቀረች። ከዚያማ የወረቀቱ ነገር ምን ይነገራል? ፊልም ከተነሣ ወዲያ ለምን ይቀመጣል ተብሎ ተጣለ፣ ተሸጠ፣ ተቃጠለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለአንዲት ሴት የተነገረ ይመስለን ነበር፤ ለካ ለቤተ መጻሕፍት ኖሯል።

የእኛም ማዕከል የዚህ ታሪክ ተካፋይ ናት። በድርቁ ዘመን በገዳሪፍ ዙሪያ የነበሩት የስደተኛ ካምፖች መዝገቦች ለተመራማሪ ይጠቅማሉ ተብሎ በማይክሮፊልም ተነሡ። ወረቀቶቹ ወዴት ሄዱ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ እንደሆነ፣ ወደ ሱቅ ነው የሄዱት። በልጅነቴ ገበያ ውስጥ ኦቾሎኒና ተሳሊ፣ ማለትም የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ፣ የሚጠቀለልልን በመዝገብ ቅዳጅ ነበር። እኔ ኦቾሎኒውን በልቼ ወረቀቱን አነብ ነበር። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ ሚስት፣ ሦስት ልጆች። ማንበብ የለመድኩት በስደተኛ ስም ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ እጄን ጠርጌበት እጥለዋለሁ። ልጅ ነበርኩ።

ፊልሞቹ ግን በአንድ የብረት ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸው ቆዩ። የገዳሪፍን የግንቦት ሙቀት የቀመሰ ሰው «በትክክል ከተያዘ» የሚለው ነገር እዚህ አገር ምን ያህል ቀልድ እንደሆነ ይገባዋል። ፊልም በሙቀት ሲያረጅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ሰላጣ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል። ማንበቢያ ማሽንም አለን፤ አንድ ትልቅ መስታወት ያለው፣ የቴሌቪዥን አያት የሚመስል። አምፖሉ ከተቃጠለ ዓመታት አልፈዋል። ከአምፖሉ ፊት ሆኖ ሙቀት የሚከለክለው ወፍራም መስታወትም ተሰብሯል። ጠባቂው ዓም እድሪስ ነው። ዓም ማለት በሱዳኖች አጎት ማለት ነው፤ በእኛ «ጋሼ» እንደማለት። ማሽኑ ምንም ባይሠራም ዓም እድሪስ በየጠዋቱ አቧራውን ጠርጎ፣ በጨርቅ ሸፍኖ፣ እንደ ታመመ ዘመድ «እንዴት አደርክ» ይለዋል። እኔ ለሰው የማልለውን።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ሐተታ ምክንያት እናቴ ናት።

አባቴና እናቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከጎንደር በኩል ድንበሩን በእግር ተሻግረው ካምፕ ሲገቡ ማንጠግቦሽ የምትባል ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ አዝለው ነበር። ስሙን አስተውሉልኝ። ጥጋብ በሌለበት ካምፕ፣ ማንጠግቦሽ። በገቡ በሳምንቱ ተመዘገቡ። አባት፣ እናት፣ መካከላቸው ልጅ፣ ከፊታቸው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይዘው ፎቶ ተነሡ። ፎቶው መዝገብ ላይ ተለጠፈ፤ ለእነሱ የተሰጣቸው እህል የሚቀበሉበት የራሽን ካርድ ነው። በሦስተኛው ወር ማንጠግቦሽ በተቅማጥ ሞተች።

ያን ጊዜ የሰፈራቸው ተወካይ ኑሩ የሚባል የጎንደር ነጋዴ ነበር። ዛሬ ገዳሪፍ ገበያ የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ሐጅ ኑሩ ማለቴ ነው። ሬሳው ገና ከድንኳን ሳይወጣ ገብቶ እናቴ አጠገብ ቁጢጥ አለና፣ እናቴ እስከ ዛሬ ቃል በቃል የምትደግመውን ነገር ተናገረ።

«ዓለሚቱ፣ ልጂቱስ ሞታለች፤ ካርዱ ግን አይሙት።»

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ለቅሶ ከተሰማ ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ይመጣል፤ ስሙን ይሰርዛል፤ የሦስት ሰው እህል የሁለት ሰው ይሆናል። ያን ሰሞን ሁሉም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ካምፑን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች የሟች ቁጥር እንዲህ ማነሱን አይተው እግዜርን አመሰገኑ ይባላል። ስለዚህ እናቴ አላለቀሰችም። ደረት አልተመታም፣ ሙሾ አልወረደም። ጎረቤት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ መሬት መሬት አይቶ ወጣ። አባቴና ኑሩ ልጂቱን በነጠላ ጠቅልለው ከካምፑ ወጣ ብሎ ቀበሯት። የገዳሪፍ ዋልካ አፈር ደግሞ በበጋ አፉን ይከፍታል፣ በክረምት ይዘጋል። አንድ ክረምት ሳያልፍ መቃብሩ የት እንደነበር የሚያሳይ ምልክት አልቀረም።

በዓመቱ እኔ ተወለድኩ። ልጅ ሞቶበት ሌላ የተተካለት ሰው ልጁን ምትኬ ይላል፣ ማስረሻ ይላል፣ ካሣ ይላል። ለእኔም ምትኬ የሚል ስም ታስቦ ነበር አሉ። ነገር ግን አዲስ ምዝገባ ተዘግቶ ነበር። ቆይቶም ቆጠራ መጣና «በካርዱ ላይ ያለ ሁሉ በአካል ይቅረብ» ተባለ። እናቴ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነኝን እኔን አዝላ፣ አምስት ዓመት ያለፋት ማንጠግቦሽ ናት ብላ አቀረበችኝ። መርማሪው አየኝ፣ ለካኝ፣ አዘነ። መዝገቡ ላይ የጻፈውን ከብዙ ዓመት በኋላ በዓይኔ አንብቤዋለሁ፦ «ልጅቷ ለዕድሜዋ እጅግ አነስተኛ ናት፤ ተጨማሪ ምግብ ይሰጣት።» በዚህ የተነሣ ስድስት ወር ሙሉ ብስኩት ተመግቤአለሁ። በካምፑ ውስጥ እንደ እኔ የወፈረ የተጎዳ ልጅ አልነበረም።

ስሙ በዚያው ቀረ። የትምህርት ቤት ወረቀቴ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ፣ የሥራ ውሌ፣ ሁሉም ማንጠግቦሽ ይላል፤ የልደት ዘመኑም የእሷ ነው። ጡረታ ሦስት ዓመት ቀድሜ እወጣለሁ። (ሽማግሌ የመጣ እንደሆነ ግን እናቴ እውነተኛ ዕድሜዬን አጥርታ ታስታውሳለች።) ዓለም ሁሉ ማንጠግቦሽ ይለኛል፤ እናቴ ብቻ አንድም ቀን በዚያ ስም ጠርታኝ አታውቅም። «አንቺ ልጅ» ትለኛለች። በልጅነቴ የማትወደኝ ይመስለኝ ነበር። ስሙ ሰው እንዳለበት የገባኝ ሳድግ ነው።

ከዚያ የእናቴ ዓይን መድከም ጀመረ። ከሰላ ከተማ ወስጄ ለሐኪም አሳየኋት። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱን ግን መድኃኒት አላደረገውም። የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም አለ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እናቴ፣ እንግዲህ ዓለምን የማያት በመርፌ ቀዳዳ ነው፣ ክር ማስገባት እንኳ ያቃተኝ ሴትዮ ብላ ሳቀች። ለማጽናናት ብዬ ይሁን ዝምታው ከብዶኝ፣ የካምፑ መዝገብ ከነፎቶው እኛ ቁም ሣጥን ውስጥ በፊልም እንዳለ አወራኋት። ልክ ያልሆነ ሰዓት ላይ ልክ ያልሆነ ነገር መናገር ከዓይን አፋርነት ጋር አብሮ የሚመጣ በሽታ ነው።

በአራተኛው ቀን እናቴ ጠራችኝ።

«ያቺ ልጅ ፊት አላት ማለት ነው?»

ሊኖራት ይችላል አልኳት።

«ዓይኔ ሳይከደን አሳይኝ። እህሏን ከሦስት ዓመት በላይ በላሁ፤ አላለቀስኩላትም። ይቅርታ ልጠይቃት ብል ፊቷ ጠፋኝ። ፊቱ ለጠፋ ሰው እንዴት ተብሎ ይቅር በይኝ ይባላል?»

እንግዲህ የኔ ነገር ከዚህ ይጀምራል። መጀመሪያ እንደ ተማረ ሰው ደብዳቤ ጻፍኩ። የፊልሞቹ ዋና ቅጂ ባሕር ማዶ በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ አለ ይባል ነበርና፣ የዚያችን ገጽ ፎቶ እንዲልኩልን ለመንኩ። ከስንት ወር በኋላ መልስ መጣ። በጣም ጨዋ መልስ ነው። ዋናው ቅጂ ተበላሽቶ መወገዱን በታላቅ ሐዘን ገልጸው፣ የቀረው የእናንተ ብቻ ስለሆነ እባካችሁ በእጅጉ ተጠንቀቁለት ይላል። ከምድር ቤትና ከገዳሪፍ የገዳሪፉ ቆየ። ሊቃውንቱ ይህንን ይጽፉት ይሆን?

ቀጥሎ የአምፖል ነገር። ለማሽኑ የሚሆን አምፖል ገዳሪፍ የለም፣ ከሰላ የለም፣ ኻርቱምም የጠየቅናቸው ሳቁ። ዓም እድሪስ አምፖል ማለት ብርሃን ነው፣ ብርሃን ደግሞ የአላህ ነው፣ ሱቅ እንሂድ አለ። ወደ ሐጅ ኑሩ ሄድን። ጉዳዩን ስነግረው ሐጅ ኑሩ የብሎን ቆጠራውን አቋርጦ በእጁ የያዘውን ሁሉ ሳህን ላይ ዘረገፈው። ከዚያ እናትሽ እስከ ዛሬ ትረግመኛለች ወይ ብሎ ጠየቀ። አትረግምህም፣ የተናገርከውን ነው የምትደግመው አልኩት። ያ ከእርግማን ምን ይሻላል አለና ተነሣ።

መጀመሪያ የሪክሻ፣ በእኛ የባጃጅ፣ መብራት ሰጠን፤ መስታወቱ ላይ የጨረቃ ግርዶሽ የመሰለ ነገር ታየ። በማግሥቱ ሰሊጥ ከሚጭን ሎሪ ግንባር የሚገባውን አመጣ፣ ራሱ በሽቦ አሠረው። ይሄኛው በራ። እንዴት ያለ መብራት መሰላችሁ! ዓም እድሪስ ከመደንገጡ የተነሣ መንገድ ለቀቀለት። ችግሩ ሙቀቱ ነው። የሚከለክለው መስታወት የለምና ፊልሙ ፊት ለፊት ይጠበሳል። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። እስከ መቶ ተቆጥሮ ይጠፋል፣ ዓም እድሪስ በካርቶን ያራግባል፣ እንደገና ይበራል። በሥራ ዘመኔ ያወጣሁት ብቸኛ ሕግ ነው፤ የሻረውም ሌላ ሰው አይደለም።

የሳጥኖቹን ጽሑፍ ምስጥ በልቶት ስለነበር ጥቅል በጥቅል ማየት ግድ ሆነ። የምፈልገው ፎቶው ውስጥ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው። ቁጥሩን እናቴ በቃሏ ታውቀዋለች። አረብኛ እስከ አሥር መቁጠር የማትችለው እናቴ ያንን ረጅም ቁጥር በአረብኛ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ታወርደዋለች፤ በሰልፍ ላይ ስትጠራበት ከርማ። እኔ ሳምንታት ሙሉ ስቆጥር፣ ሳጠፋ፣ ሳበራ፣ ገጽ ሙሉ ሰው በፊቴ አለፈ። ያን ጊዜ በኦቾሎኒ ወረቀት ላይ በስንቱ ዘር ማንዘር ስም እጄን ጠርጌ እንደነበር እያሰብኩ አፈርኩ። አንድ ቀን ከቀትር በፊት ቁጥሩ መጣ።

ስለ ፊልሙ አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። የእኛ ቅጂ ነጋቲቭ ነው። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ለጽሑፍ ምንም አይደል፤ ለሰው ፊት ግን ሌላ ነው። አባቴ ነጭ ጢም ያለው ወጣት ሆኖ ቆሟል። እናቴ አለች። መካከላቸው ሰሌዳውን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ሳትወስን የተነሣች ልጅ አለች። አፍንጫዋ የኔ ነው። ይቅርታ፣ የኔ የእሷ ነው። እስከ መቶ ቆጠርኩና አጠፋሁ።

በማግሥቱ እናቴን አመጣኋት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከሦስታችን በቀር ሰው አልነበረም። ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ ዓም እድሪስ በአረብኛ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሐቦባ» ብሎ፣ ሐቦባ ማለት አያቴ ማለት ነው፣ ካርቶኑን ይዞ ቆመ። አበራሁ። እናቴ ፊቷን መስታወቱ ላይ ልትለጥፍ ምንም አልቀራት። በመርፌ ቀዳዳዋ መጀመሪያ ሰሌዳውን፣ ከዚያ እጆቹን፣ ከዚያ ቀስ እያለች ወደ ላይ ፈለገች። አገኘችው።

«ሸብታለች» አለች።

ዓም እድሪስ አማርኛ ባይችልም የሆነው ገብቶታል መሰለኝ፣ የተገለበጠ መሆኑን ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። እግሩን ረገጥኩት። ሽማግሌ ሰው ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጥቁርም ለብሳለች» አለች እናቴ። «የአባቷን ሞት ሰምታለች ማለት ነው።»

ነጭ ቀሚስ መሆኑን አውቃለሁ። ፊልም እንዴት እንደሚታጠብ፣ ብር እንዴት እንደሚጠቁር ተምሬአለሁ፤ ተፈትኜ ማለፌንም ዲግሪው ይመሰክራል። ሰው ሲሳሳት ማረም የምወድ ሴት ነኝ፤ በቃል ካፈርኩ በጽሑፍ አርማለሁ። ያን ቀን ግን ምን ልበል? እማዬ፣ አልሸበተችም፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ቀርታለች ልበላት? የተማርኩትን ሁሉ ዋጥኩት።

እናቴ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ከዚያም በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ ሩቅ የሄደ ልጅ እንደሚጠራ አድርጋ፣ «ማንጠግቦሽ» ብላ ተጣራች።

«አቤት» አልኩ። ልማድ ነው።

«አንቺን አይደለም» አለችኝ፣ ሳትዞር።

ከዚያ ለቅሶው ተነሣ። ሃያ ምናምን ዓመት የታፈነ ለቅሶ እንዴት እንደሚወጣ ያየ ሰው ካለ አይጠይቀኝ። ነጠላዋን አገልድማ ደረቷን መታች። እናቴ ሙሾ ታውቃለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ለሰው ቀብር ስትሄድ እንኳ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት ናት። ያን ቀን አወረደችው፦

እህልሽን በላሁኝ፣ ስምሽን ወሰድኩብሽ፣
አንቺን ብቻ ልጄ፣ የት ነው ያስቀመጥኩሽ?

ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ «ጸጥታ ይከበር» ይላል፤ በሦስት ቋንቋ፣ የአረብኛው ትንሽ ጠበቅ ብሎ። ዓም እድሪስ ካርቶኑን ጥሎ መዳፎቹን ዘርግቶ ዱዓ ያዘ። ቆጠራውን መቶ ላይ አደረስኩት። ማጥፊያው ከእጄ ሥር ነበር። መጻፌ ካልቀረ በእውነት ልጻፈው፦ ረስቼ አይደለም። ኮምጣጤው ሲሸት ሸቶኛል። «የቀረው የእናንተ ብቻ ስለሆነ» የሚለውም ደብዳቤ በዓይኔ መጥቷል። ነገር ግን እናቴ ገና ይቅር በይኝ አላለችም ነበር። መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ። ከዳር በኩል ቡናማ ነገር መጣ፣ አባቴን አልፎ፣ አረፋ እንደሚነሣበት ወተት ተንፈቀፈቀ። እናቴ «ይቅር በይኝ» አለች። መስታወቱ ነጭ ሆነ።

አጠፋሁት። የተቃጠለ ነገር ሽታ ክፍሉን ሞላው። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወዴት ሄደች ብላ ጠየቀች። ሄደች አልኳት። ይሁን፣ ቆማ ሰምታኛለች አለች።

በማግሥቱ ወደ ሙዲሩ፣ ወደ ኃላፊያችን ማለቴ ነው፣ ቢሮ ገባሁ። ሌሊቱን የሥራ መልቀቂያ ሳረቅ ነው ያደርኩት፤ በቃል እንዳልናገር ሁሉን በጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ለጉዳት ማስታወቂያ የሚሞላ ቅጽ አለ። የተጎዳው ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ «የአንድ ገጽ ምስል፣ ማንጠግቦሽ» ብዬ ከነአባቷና ከነአያቷ ስም፣ ከነልደት ዘመኗ ሞላሁ። ጉዳቱን ያደረሰው ማን እንደሆነም ይጠይቃል። ማንጠግቦሽ፣ ከነአባቷና ከነአያቷ ስም፣ ከነልደት ዘመኗ።

ሙዲሩ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። መነጽሩን አውልቆ አነበበ። ከዚያ የሁለቱን መስመር ስም በጣቱ ከላይ ወደ ታች እያስተያየ ይስቅ ጀመር። ይህን ያህል ያስፈራሽ ይኼ ነው ወይ፣ የራስሽን የልጅነት ፎቶ ነው ያቃጠልሽው፣ የራሱን ፎቶ ያቃጠለ ሰው በማን ይከሰሳል፣ ኸላስ፣ በቃ አለኝ። ወረቀቱን ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ጨመረው። ስወጣ በልጅነቴ ቆንጆ እንደነበርኩ ጠየቀኝ። ቆንጆ ነበረች አልኩት። በአረብኛ ስናገር እሳሳታለሁና አላረመኝም።

ለባሕር ማዶው ቤተ መጻሕፍት ግን እስከ ዛሬ አልጻፍኩም። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ በታላቅ ሐዘን ይመልሱልኛል።

ማታ ቤት ገብቼ የሙዲሩን ፍርድ ለእናቴ አወራኋት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። ቆይታ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደንግጬ ስጠጋ እየሳቀች ነው።

«ካርዱ ዛሬም ይሠራል በዪኛ፣ ማንጠግቦሽ» አለች።

እኔም ማን እንደተጠራ ለማየት ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ።